የዱሮ ወይን፤ ዕድሜውን ማን ጠበቀለት?

ፖርት ወይን ጠርሙስ ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ቁጥር ይጻፋል፡፡ 10፣ 20፣ 30 ወይም 40፡፡ ከውጭ የመጣ ዘመድ ከዲውቲ ፍሪ ገዝቶ ሲያመጣው ቤተሰቡ ቁጥሩን አይቶ «ሃያ ዓመት የተቀመጠ እኮ ነው!» እያለ ይገረማል፡፡ ከዚያ ጠርሙሱ ቡፌ ውስጥ ይገባና ትልቅ እንግዳ እስኪመጣ ድረስ ሌላ አሥር ዓመት ይቀመጣል፡፡

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ተሳስቷል፡፡ አንደኛ፣ ቁጥሩ የወይኑን ትክክለኛ ዕድሜ አይናገርም፡፡ ሁለተኛ፣ ይህ ዓይነቱ ወይን ጠርሙስ ውስጥ ከገባ በኋላ አይሻሻልም፤ ማርጀት ያለበትን ያህል በርሜል ውስጥ አርጅቶ ነው የመጣው፡፡ ታዲያ ያንን ዕድሜ የጠበቀለት ማነው? ሃያ ዓመት ሙሉ ሳይሸጥ፣ ሳያስይዝ፣ ሳይበደርበት በርሜል ወይን ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የሚችል ምን ዓይነት ሰው ነው?

የፖርት ወይን ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጣዕሙና ስለ እንግሊዝ መኳንንት ራት ይጻፋል፡፡ እኔ የማነበው ግን እንደ መጠበቅ ታሪክ ነው፡፡ መጠበቅ የቻለ ከበረ፤ ያልቻለ ለቻለው ሸጠ፡፡ ደግነቱ ይህንን ታሪክ ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከብርጭቆም ማንበብ ይቻላል፡፡ ስለዚህ ዛሬ በአራት ብርጭቆ ላውራችሁ፡፡ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፡፡)

አስቀድሞ ስለ ዝግጅቱ፡፡ አራት ጠርሙስ ለአንድ ሰው ኪስ አይሆንም፤ አምስት ስድስት ሆኖ ማዋጣት ነው፡፡ የወይኑ አልኮል ከ19 እስከ 22 በመቶ ስለሚደርስ መቅዳት ያለበት ትንሽ ትንሽ ነው፡፡ አራት ብርጭቆ በአንድ ሰው ፊት ተደርድሮ፣ ከሥር ነጭ ወረቀት ይነጠፋል፡፡ ወረቀቱ ለጌጥ አይደለም፤ ቀለሙን ለማየት ነው፡፡ እኔና ጓደኞቼ እንደዚህ አድርገን ስንቀምስ ከጣዕሙ በፊት ያከራከረን ቀለሙ ነበር፡፡

አገሩንም እንወቀው፡፡ ወይኑ የሚበቅለው በሰሜን ፖርቹጋል፣ ዱሮ በሚባል ወንዝ ግራና ቀኝ ነው፡፡ አዎ፣ ዱሮ! ለአማርኛ አንባቢ ከዚህ የተሻለ ስም ሊወጣለት አይችልም፡፡ ወንዙ ከስፔን ተነስቶ ፖርቶ ከተማ ጋ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይገባል፤ ወይኑም ስሙን ያገኘው ከዚህች የወደብ ከተማ ነው፡፡ እርሻው ግን ከፖርቶ ብዙ ርቆ ወደ ላይ ነው፤ በጋው የሚያቃጥል፣ አፈሩ ተነባብሮ የሚፈረካከስ ድንጋይ የሆነበት ገደላማ አገር፡፡ የኮንሶን እርከን ያየ ሰው የዱሮን እርከን ለመገመት አይቸገርም፡፡ ሁለቱም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ ዱሮ በ2001፣ ኮንሶ በ2011፡፡

አንደኛው ብርጭቆ፦ ሩቢ

ሩቢ የሚባለው ወጣቱ ነው፡፡ ጥቂት ዓመት ብቻ በትልልቅ ማጠራቀሚያ ቆይቶ ይታሸጋል፡፡ ቀለሙ ደማቅ ቀይ ነው፤ ሽታው የበሰለ ፕሪም፣ ጣዕሙ ጣፋጭ፣ ከሥር ደግሞ የሚያሞቅ ነገር አለው፡፡ የሚያሞቀው የወይን አረቄ ነው፡፡

አሠራሩ እንዲህ ነው፡፡ ወይኑ ተረግጦ መፍላት ይጀምራል፡፡ እርሾው ስኳሩን በልቶ ሳይጨርስ 77 በመቶ ገደማ አልኮል ያለው የወይን አረቄ ይጨመርበታል፡፡ እርሾው ይሞታል፤ ያልተበላው ስኳር እዚያው ይቀራል፡፡ 550 ሊትር በሚይዘው የአገሩ በርሜል ውስጥ ከመቶ ሊትር በላይ የሚሆነው አረቄ ነው፡፡ ጣፋጭም ብርቱም የሆነው ለዚህ ነው፤ ሳይበላሽ ለአሥርት ዓመታት መቆየት የቻለውም እንዲሁ፡፡

ይህ ወይን ግን ዝነኛ የሆነው በጣዕሙ ብቻ አይደለም፤ ጦርነት ረድቶታል፡፡ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዝና ፈረንሳይ በተጣሉ ቁጥር እንግሊዞች ከፈረንሳይ የሚመጣውን ወይን ያጣሉ፡፡ በ1678 እንግሊዝ የፈረንሳይን ወይን ከለከለች፤ በዚያው ዓመት የፖርቶ ወይን የሚል ስም በጉምሩክ መዝገብ ላይ ታየ፡፡ ነጋዴዎቹ ተተኪ ፍለጋ ወደ ፖርቱጋል ገቡ፤ ወይኑ መንገድ ላይ እንዳይበላሽም አረቄ ጨመሩበት፡፡ በ1703 መጨረሻ ላይ ደግሞ በእንግሊዙ መልዕክተኛ በጆን ሜቱዌን ስም የሚጠራው ውል ተፈረመ፡፡ የእንግሊዝ የሱፍ ጨርቅ ፖርቹጋል ይገባል፤ የፖርቹጋል ወይን እንግሊዝ ሲገባ ከፈረንሳይ ወይን ሲሶ ያነሰ ቀረጥ ይከፍላል፡፡

ኢኮኖሚክስ የተማራችሁ ይህንን ጨርቅና ወይን ታውቁታላችሁ፡፡ ዴቪድ ሪካርዶ በ1817 ባሳተመው መጽሐፍ አገሮች ለምን ይነጋገዳሉ ለሚለው ጥያቄ መልስ የሰጠው በእንግሊዝ ጨርቅና በፖርቹጋል ወይን ምሳሌ ነው፡፡ በምሳሌው ሁለቱም ይጠቀማሉ፡፡ ምሳሌው ያልነካው አንድ ነገር አለ፡፡ ጨርቅ ዛሬ ተሸምኖ ዛሬ ይሸጣል፤ ወይን ግን ዋጋው የሚጨምረው ሲቆይ ነው፡፡ ታዲያ ሲቆይ የማን ነው?

ሁለተኛው ብርጭቆ፦ የ10 ዓመት ቶውኒ

ከሩቢው ጎን አስቀምጡት፡፡ ቀዩ ፈዟል፤ ጠርዙ ላይ የጡብ ቀለም ይታያል፡፡ ቶውኒ አነስ ባለ የእንጨት በርሜል ውስጥ ስለሚቀመጥ በእንጨቱ በኩል ቀስ እያለ አየር ያገኘዋል፡፡ ቀዩ ቀለም ይዘቅጣል፤ ፍሬ ፍሬ ይሸት የነበረው ወደ ለውዝና ወደ ደረቀ በለስ ይሄዳል፡፡ ይህ ወይን ትንሽ ቀዝቀዝ ሲል ይጥማል፤ ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል፡፡

አሁን ቁጥሩ፡፡ «10» ማለት ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ጠብታ ሁሉ አሥር ዓመቱ ነው ማለት አይደለም፡፡ የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ወይኖች ተደባልቀው የአሥር ዓመት ወይን ጠባይ ሲያሳዩ የሚሰጥ ደረጃ ነው፡፡ ደረጃውን ነጋዴው ብቻውን አይወስንም፤ የዱሮና የፖርቶ ወይኖች ኢንስቲትዩት ቀማሾች ቀምሰው ያጸድቁለታል፡፡ ማለትም ቁጥሩ የልደት ወረቀት ሳይሆን የምስክር ወረቀት ነው፡፡

ምስክር ለምን አስፈለገ? ማጭበርበር ስለነበረ ነዋ፡፡ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገበያው ሲሞቅ ደካማ ወይን ውስጥ የኤልደርቤሪ ፍሬ ጭማቂ እየጨመሩ ቀለሙን የሚያደምቁ በዙ፡፡ ስሙ ጠፋ፤ ዋጋው ወደቀ፡፡ ገበሬውና እንግሊዛዊው ነጋዴ እርስ በርስ ተወነጃጀሉ፡፡ በዚህ መሐል ገባ በታሪክ ማርኪስ ደ ፖምባል ተብሎ የሚታወቀው ብርቱ ሚኒስትር፡፡ በ1755 ሊዝበንን ያፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ባለፈ በዓመቱ፣ በመስከረም 1756፣ የዱሮን ወይን የሚቆጣጠር ኩባንያ አቋቋመ፡፡ የክልሉ ድንበር ተለካ፤ ከ300 በላይ የግራናይት ድንጋዮችም ተተከሉ፡፡ ለእንግሊዝ ገበያ የሚላከው ምርጡ ወይን የሚመጣው ከድንጋዮቹ ወዲህ ካለው መሬት ብቻ ሆነ፡፡ የኤልደርቤሪ ዛፎች እንዲነቀሉ ታዘዘ፡፡ በሕግ ድንበራቸው ተከልሎ ቁጥጥር ከተደረገባቸው የዓለም የወይን አገሮች መካከል ዱሮ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው፡፡

ደስ የሚል ታሪክ ይመስላል፡፡ ግን ድንጋይ ሲተከል ወዲያ ማዶ የሚቀር ሰው አለ፡፡ ከድንበሩ ውጭ የቀረ ገበሬ ትልቁን ዋጋ አጣ፡፡ ኩባንያው በፖርቶ ከተማ ለመሸታ ቤቶች ወይን የማቅረብ መብትንም ለብቻው ያዘ፡፡ በየካቲት 1757፣ የካቶሊኮች ጾም በገባበት ረቡዕ፣ የፖርቶ ሕዝብ አደባባይ ወጣ፡፡ ታሪክ ጸሐፊዎች «የሰካራሞች አመፅ» የሚል ስም ነው የሚያነሱለት፡፡ እንጀራቸው የተነካባቸው የመሸታ ቤት ሰዎችና ወይኑ የተወደደባቸው ድሆች ግን ሰካራሞች አልነበሩም፡፡ የፖምባል መልስ ወታደርና ገመድ ነበር፤ ሰዎች ተሰቀሉ፡፡ ለዛሬው ጠርሙስ መታመን የተከፈለ ዋጋ ውስጥ ይህም አለ፡፡

ሦስተኛው ብርጭቆ፦ የ20 ዓመት ቶውኒ

ቀለሙ ከቀይ ወጥቶ ብርቱካንማ ቡና ዓይነት ሆኗል፡፡ አሽትቱት፤ የብርቱካን ልጣጭ፣ የተቃጠለ ስኳር፣ ለውዝ፡፡ ከ10 ዓመቱ ጋር እየተፈራረቀ ሲቀመስ ልዩነቱ በደንብ ይታያል፤ የ10 ዓመቱ ጣዕም ቶሎ ያልፋል፣ የ20 ዓመቱ ከተዋጠ በኋላም አፍ ውስጥ ያወራል፡፡ ዋጋውም ብዙ ጊዜ እጥፍና ከዚያ በላይ ነው፡፡

ለምን ተወደደ? በርሜሉ በየዓመቱ 2 በመቶ ያህል ይተናል፡፡ በሃያ ዓመት ሢሶውን ያህል አየር ይወስደዋል፡፡ የቀረው ወይን የሄደውንም ወይን ዋጋ ይሸከማል፡፡ በርሜሉ የሚቀመጥበት መጋዘን፣ የሚጠብቀው ሠራተኛ፣ ሃያ ዓመት የተያዘው ገንዘብ ሁሉ ዋጋው ውስጥ አለ፡፡

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን፡፡ የት ነው የተቀመጠው? ለብዙ ዘመን መልሱ አንድ ነበር፤ ከፖርቶ ፊት ለፊት፣ ከወንዙ ማዶ ባለችው በቪላ ኖቫ ደ ጋያ፡፡ ገበሬው ላይ አገር ያመርታል፤ በርሜሉ ራቤሎ በሚባሉ ጠፍጣፋ የእንጨት ጀልባዎች ተጭኖ በአለታማው ወንዝ ይወርዳል፤ ጋያ ሲደርስ የነጋዴው መጋዘን ይገባል፡፡ እውነት ለመናገር ጋያ የተመረጠችው ለተንኮል ብቻ አይደለም፡፡ ለውቅያኖስ ቅርብ ስለሆነች አየሯ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው፤ ወይኑ ቀስ ብሎ ያረጃል፡፡ ላይኛው ዱሮ ግን በጋው ያቃጥላል፡፡

ወንዙ ቀልድ አያውቅም ነበር፡፡ ጆሴፍ ጄምስ ፎሬስተር የሚባል እንግሊዛዊ ነጋዴ የዱሮን ካርታ በማንሳት ስመ ጥር ሆኖ ነበር፤ በ1844 ባወጣው ጽሑፍም ወይኑን በአረቄና በቀለም ማበላሸት ይብቃ ብሎ ከነጋዴ ወገኖቹ ጋር ተጣላ፡፡ በግንቦት 1861 ጀልባው ተገልብጦ ራሱ ካርታውን በሣለው ወንዝ ሰጠመ፡፡ አብራው ጀልባው ላይ የነበረችው ዶና አንቶኒያ ፌሬራ ተረፈች፡፡ ሰፊ ቀሚሷ ውኃው ላይ አንሳፎ አዳናት፣ እሱን ግን ወገቡ ላይ የታጠቀው ገንዘብ አሰጠመው እየተባለ ይተረካል፡፡ ተረትም ይሁን እውነት፣ ዶና አንቶኒያ በ33 ዓመቷ ባሏ ሞቶባት የቤተሰቡን ወይን ራሷ እየመራች፣ በ1896 እስክትሞት ድረስ ከዱሮ ታላላቅ ባለ እርሻዎች አንዷ ነበረች፡፡ ከላይኛው ዱሮ ወጥተው መጠበቅ ከቻሉት ጥቂቶች ትቆጠራለች፡፡

ሌላው ገበሬ ግን? በመከር ሰሞን ዕዳ አለበት፣ የሠራተኛ ደመወዝ አለበት፣ የክረምት ቀለብ አለበት፡፡ ወይኑን በአዲስነቱ ይሸጣል፡፡ በ1926 የወጣ ሕግ ደግሞ ፖርት ወይን ወደ ውጭ የሚላከው ከጋያ መጋዘኖች ብቻ እንዲሆን አደረገ፡፡ ላይ አገር ያለ ገበሬ ወይኑን ራሱ አሳርጅቶ ራሱ ወደ ውጭ ልላክ ቢል መንገድ የለውም፡፡ ይህ የተነሳው በ1986 ነው፤ ፖርቹጋል የአውሮፓ ማኅበረሰብ አባል በሆነችበት ዓመት፡፡ ስድሳ ዓመት ማለት ነው፤ ሦስት ጊዜ «20 ዓመት»፡፡

ሌላም ሕግ አለ፤ «የሲሶ ሕግ» ልንለው እንችላለን፡፡ ላኪው በአንድ ዓመት መሸጥ የሚችለው ከክምችቱ ሲሶውን ያህል ብቻ ነው፡፡ ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ሁሉም ወይኑን እንዲያቆይ ያስገድዳል፡፡ ለእኛ ግን ሲሶ የአራሽና የባለርስት ቃል ነው፤ ሲሶ ሲባል ጆሯችን ይቆማል፡፡ አንድ ለመሸጥ ሦስት መያዝ ካስፈለገ፣ መጀመሪያ ሦስት መያዝ የሚችለው ማነው?

ነገሩ ዛሬም አላለቀም፡፡ በየዓመቱ ምን ያህል ወይን ወደ ፖርት ሊቀየር እንደሚፈቀድ ይወሰናል፤ እያንዳንዱ ማሳም ደረጃው በፊደል ተሰጥቶት ድርሻውን ያገኛል፡፡ ዓለም ፖርት መጠጣት ሲቀንስ ኮታውም ይቀንሳል፡፡ በ2023 104 ሺህ በርሜል የነበረው በ2024 ወደ 90 ሺህ ወረደ፡፡ ኮታው ሲቀነስ ላኪው መጋዘን ውስጥ ያለውን አሮጌ ወይን ይሸጣል፤ ለፖርት የማይሆን ወይን ፍሬ የተረፈው ገበሬ ግን የሚያቆየው ነገር የለውም፡፡

አራተኛው ብርጭቆ፦ ቪንቴጅ

ቪንቴጅ የሚባለው የአንድ ጥሩ ዓመት ወይን ነው፡፡ በርሜል ውስጥ ሁለት ሦስት ዓመት ብቻ ቆይቶ ይታሸጋል፤ የሚያረጀው ጠርሙስ ውስጥ ነው፡፡ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ደረጃ ሳይሆን የመከሩ ዓመት ነው፡፡ ይህ ሊሆን የቻለው በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጠርሙሶች ከድብልብል ወደ ቀጭንና ረጅም ሲለወጡ ነው፤ ጠርሙስ ሲጋደም ቡሹ ይርሳል፣ አየር አይገባም፡፡

ሃያ ዓመት ጠርሙስ ውስጥ የቆየ ቪንቴጅና የ20 ዓመት ቶውኒ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልዩነቱ ያስገርማል፡፡ አንድ ወንዝ ዳር የበቀሉ፣ አንድ ዓይነት አረቄ የገባባቸው ወንድማማቾች ናቸው፡፡ ቶውኒው አየር እያገኘ ስላረጀ ገርጥቷል፤ ቪንቴጁ ትንፋሽ ተከልክሎ ስላረጀ አሁንም ቀይ ነው፣ አሁንም ፍሬ ይሸታል፡፡

አቀራረቡም ይለያል፡፡ ቪንቴጅ ከሥር አተላ አለው፡፡ ከአንድ ቀን በፊት ቆሞ ይደር፤ ከዚያ ቀስ ተብሎ ወደ ሌላ ዕቃ ይገልበጥ፣ አተላው ሲመጣ ይቁም፡፡ ከተከፈተ በሁለት በሦስት ቀን ቢያልቅ ይመረጣል፡፡ ቶውኒ ግን ለሳምንታት ይቆያል፤ ከአየር ጋር ድሮ ተዋውቀዋል፡፡

በመጠበቅ ሚዛን ስናየው ቪንቴጅ ብልህ ንግድ ነው፡፡ ነጋዴው በሦስት ዓመት ውስጥ ገንዘቡን ይሰበስባል፤ የሚጠብቀው ገዢው ነው፡፡ ለልጁ ልደት ገዝቶ ምድር ቤት ጋድሞ ሃያ አንድ ዓመት የሚጠብቅ እንግሊዛዊ ባለጸጋ የዚህ ልማድ ምሳሌ ነበር፡፡ ምድር ቤት ያለው ሰው፣ ነገውን የሚያምን ሰው፡፡

ያልቀመስነው

አምስተኛ ብርጭቆ ቢኖር ይህ በሆነ ነበር፡፡ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ፊሎክሴራ የሚባል ነፍሳት የዱሮን የወይን ሥሮች በልቶ እርከኖቹን ምድረ በዳ አደረጋቸው፡፡ ከዚያ በፊት በ1855 የተጠመቀ ወይን አንድ የዱሮ ቤተሰብ ዘንድ በበርሜል ከትውልድ ትውልድ ተጠብቆ ኖረ፡፡ በመጨረሻ ቴይለር የሚባለው የነጋዴ ቤት ገዛውና በ2010 «ሳየን» የሚል ስም ሰጥቶ ለገበያ አቀረበው፤ አንዱ ጠርሙስ 2,500 ፓውንድ ገደማ፡፡ የ155 ዓመት ወይን!

እኔን የገረመኝ ዋጋው አይደለም፡፡ አንድ ቤተሰብ ያንን ሁሉ ዘመን፣ ነፍሳት ሲመጣ፣ መንግሥት ሲለወጥ፣ ሁለት የዓለም ጦርነት ሲያልፍ፣ ያንን በርሜል አለመሸጡ ነው፡፡ ላይ አገርም መጠበቅ ይቻል ነበር ማለት ነው፡፡ የሚያስፈልገው ችሎታ አልነበረም፤ አቅም ነበር፡፡

ይህ ከእኛ ምን አገናኘው? የአገር ስም ንብረት መሆኑን እኛም በቡና ተምረነዋል፡፡ ኢትዮጵያ በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ ለማስመዝገብ ተነስታ ከብዙ ክርክር በኋላ በ2007 ከስታርባክስ ጋር ተስማማች፡፡ ያ የእኛ የግራናይት ድንጋይ ነበር፡፡ ቡና እንደ ወይን እያረጀ አይጣፍጥም፤ ንጽጽሩ እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው፡፡ የዱሮ ታሪክ የሚለን ግን ስሙን ማስከበር የሥራው ግማሽ መሆኑን ነው፡፡ ዱሮ ስሙ በ1756 ተከበረለት፤ ገበሬው ግን ወይኑን አቆይቶ ራሱ ለመላክ እስከ 1986 ጠበቀ፡፡ ሌላው ግማሽ መጋዘን ነው፣ ብድር ነው፣ ዛሬ ካልሸጥኩ ልጄ ምን ይበላል የማይባልበት ኑሮ ነው፡፡

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንላለን፡፡ እውነት ነው፡፡ ግን እንቁላሉን ለዛሬ ራት መጥበስ ያለበት ሰው እግሩን ሳያይ ይቀራል፡፡ ስለዚህ ያ ቡፌ ውስጥ የተቀመጠው የ20 ዓመት ጠርሙስ ካለ ይከፈት፡፡ ከዚህ በላይ የሚጠብቀው ነገር የለም፤ የሚጠበቅለትን ሁሉ ሌሎች ጠብቀውለታል፡፡